ቱታና ቱቱ

የልጅ ልጄ ነገሩን የነገረችኝ ማኪናዬ እየጮኸች ሳለ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የስፌት ማኪናዬ የእግር ናት፤ ዘይት ካልጠጣች ታቃስታለች። ያን ቀን ደግሞ ወፍራም የካኪ ሱሪ እያሳጠርኩ ስለነበር ጩኸቷ ለብቻው ነበር። ልጅቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን በረንዳው ላይ ጣለችና፣

«አባባ፣ ባሌ ልማር ነው» አለችኝ።

እኔ እግሬን ከመርገጫው ሳላነሳ ጎረቤቴ ቀድሞኝ ሰማ።

«ባሌ አለች? ገና በዘጠኝ ዓመቷ ባሌ አለች?» ብሎ መቀሱን አስቀምጦ ሳቀ። «አያ፣ ሳትጠራን ልትድራት ነው?»

«የዳንስ ስም ነው!» አለች ተቆጥታ። «በጣት ቆመው የሚደንሱት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምንማረው። ቱቱ ያስፈልገኛል፤ አባባ ይሠራልኛል።»

እንዲህ ነው ያለችው። እኔ የሰማሁት ግን «ቱታ» ነው። ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም፣ ማኪናዋም ትጮኻለች፤ ቱቱ የሚባል ነገር ደግሞ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ቱታ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ልብስ ነው፤ መካኒክም ይለብሰዋል፣ ኳስ ተጫዋችም ይለብሰዋል። ለስፖርት ነገር ቱታ መጠየቅ ምን ይገርማል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የኋለኛው ቃል ነው። አባባ ይሠራልኛል። ጎረቤቴ አይደለም፤ እኔ።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። የነገሥታቱ ግንብ ባለባት ከተማችን፣ ፒያሳ፣ አንድ በረንዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፍተናል። እሱ የእንፍራንዝ ሰው ነው፣ እኔ ከመካነ ብርሃን የወረድኩ። እኔ የወንድ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የኮት ገበር እቀይራለሁ፣ ዚፕ እተካለሁ። እሱ የሴት ቀሚስ ይሰፋል። ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት አለው፤ እኔ የለኝም። ሱሪ ያሳጠረ ሰው ወደ እግሩ ብቻ ስለሚያይ መስታወት አያስፈልገውም እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። ሰው ሁሉ ግን ወደዚያ መስታወት ይሄዳል። የልጅ ልጄም ከመጣች እኔን ስማ ወደዚያው ነው የምትሮጠው።

ላልዋሽ፣ እቀናበታለሁ። የጀመረኝን ቀን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ልጄ ስታገባ ለመልሷ የምትለብሰውን ቀሚስ ማን ይሥራው ሲባል፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ «አባዬ፣ አንተ ትደክማለህ፤ እሳቸው ይሥሩት» አለችኝ። አልደከመኝም ነበር። ቀሚሱ ሸጋ ሆኖ ወጣ። ሸጋ ባይሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጄ ተወልዳ የክርስትናዋንም፣ የእንቁጣጣሹንም፣ የጥምቀቱንም ልብስ የሠራው እሱ ነው። የኔ መርፌ እሷ ገላ ላይ አርፎ አያውቅም።

ስለዚህ ቱታውን እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት አትጠይቁኝ። ሰማያዊ ጨርቅ መርጬ፣ ከጎኑ ነጭ መስመር ሰድጄ፣ ወገቡ እንዳያጠብቃት ላስቲኩን ሦስቴ ለክቼ። ኪስ አወጣሁለት፤ ሁለት የውጭ፣ አንድ የውስጥ። የልጅ ልብስ ኪስ ይወዳል። ጎረቤቴ አሻግሮ እያየ፣

«ምነው ዛሬ ጀርባህን ሰጠኸኝ አያ? ምን ደብቀህ ነው የምትሰፋው?» አለኝ።

«ሥራ ነው» አልኩት። ያን ቀን የመስታወቱ ነገር ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ እዚያው ትልበሰው ብዬ ሳትፈታው ሰደድኳት። ከቀትር በኋላ ከእናቷ ጋር ስትመለስ ዐይኗ አብጧል። እናቷ፣ ልጄ ማለቴ ነው፣ ከሆስፒታል ሥራዋ ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ሳቋን ልትውጥ ትሞክራለች፤ አልቻለችም።

«አባዬ፣ ቱቱ እኮ ነው ያለችህ። ቱቱ! እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው፣ ነጩ ቀሚስ።»

«ሁሉም ሳቁብኝ» አለች ልጅቱ። «አስተማሪዋ ብቻ ናት ያልሳቀችው። እሷም መሳቅ ፈልጋ ነበር።»

ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ጫማ ጠጋኙ ተሳተፈ፣ ሎተሪ ሻጩ ተሳተፈ። በዚያው ቀን ስሜ «አያ ቱታ» ሆነ። «አያ ቱታ፣ ለሙሽራዋም አንድ ቱታ ስፋላት!» ሲሉኝ እስቃለሁ። ምን ላድርግ።

የከፋኝ ሳቁ አይደለም። ልጄ ከቦርሳዋ ጨርቅ አወጣች፤ እንደ አጎበር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ለሙሽራ ዐይነ ርግብ የሚሆነው ዓይነት ስስ ነጭ። አውጥታም በእኔ ፊት አልፋ ለጎረቤቴ ሰጠችው።

«ቀሚስ የሳቸው ሙያ ነው አባዬ። አትቀየም።»

«ምን እቀየማለሁ» አልኩ። ተቀይሜ ነበር።

ልጅቱ ግን ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ወደ መስታወቱ አልሄደችም። አጠገቤ ባለችው ዱካ፣ ትንሿ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን ስልክ አወጣች። «ሁለተኛ እንዳትሳሳት ላሳይህ ነው» አለችኝ። አስተማሪዋ የላከችላቸው ሥዕልና ቪዲዮ ነበር። እሷ ታነባለች፣ እኔ አያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሦስተኛ ክፍልም አላለፍኩም። ልብስ ግን ማንበብ አያቅተኝም።

የዚህ ዳንስ መጀመሪያው በነገሥታት ግቢ ነው አሉ። እዚህ እኛ ከተማ ግንቡ ሲገነባ፣ በዚያው ሰሞን አካባቢ፣ በፈረንጆቹ አገር ንጉሡ ራሱ ከመኳንንቱ ጋር ይደንስ ነበር። ልብሳቸውን አየሁት። ከፋይ ነው፣ የወርቅ ጥልፍ ነው፣ ፊት መሸፈኛና ላባ ያለበት ቆብ ነው። ሴቶቹ ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል። ወንዶቹ ሳይቀሩ ከወገባቸው በታች ሽቦ የገባበት፣ እንደ ቅርጫት የተነፋ ጉርድ ለብሰዋል።

«ይኸን ለብሰው እንዴት ይዘላሉ?» አልኳት።

«አይዘሉማ! ይራመዱ ነበር እንጂ።»

ከዚያ በኋላ አንዲት ደናሽ ተነሳች። እግሯ ፈጣን ነው፤ ቀሚሱ ግን እግሯን ደብቆባታል። ስለዚህ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አስቆረጠችው። ሰው ጉድ አለ። ለጥቂት ጣት ጨርቅ ያ ሁሉ ወሬ። ልጅቱ የደናሿን ስም ጠርታ ነገረችኝ፤ መቀሱን ይዞ የቆረጠላትን ልብስ ሰፊ ስም ስጠይቃት ግን «እሱ አልተጻፈም» አለችኝ። ታዲያ ይኸ ልብ አያቆስልም? የቆረጠው እሱ፣ የተጻፈችው እሷ። ለማላውቀው፣ አገሩንም ላላየሁት ሰው አዘንኩለት።

ቀጥሎ ቀሚሱ ነጭ ሆነ። ስስ፣ እንደ ደወል ከወገብ የሚሰፋ፣ ባት ላይ የሚደርስ። ሴቶቹ መንፈስ ይመስላሉ፤ መሬቱን የሚነኩት እንጂ የሚረግጡት አይመስሉም። ግን በዚያ ዘመን መድረኩ የሚበራው በእሳት ነበርና ስሱ ጨርቅ እየተያያዘ ደናሾች ይቃጠሉ ነበር። እሳት እንዳይዘው በመድኃኒት ሲነከር ደግሞ ጨርቁ ይደርቃል፣ ነጭነቱም ይጠፋል። ስለዚህ አንለብስም ያሉ ነበሩ። ልጅቱ እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እያወቁ አባባ?»

«እያወቁ» አልኳት። ሰው ለልብስ ምን እንደሚሆን ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ።

በኋላ የዳንሱ ጥበብ እየከበደ፣ እግር እየዘለለና እየተሽከረከረ ሲመጣ፣ ጉርዱ እያጠረ ወጣ። ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት በላይ፤ መጨረሻ ላይ ከወገብ ላይ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ቆመ። ያ ነው ቱቱ። ስሙ ከየት መጣ ብላት አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀችና በጆሮዬ ነገረችኝ። በነሱ አገር ልጆች በኮልታፋ አፋቸው መቀመጫቸውን ሲጠሩ እንዲህ ይላሉ አሉ። ርካሹ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከታች ሆነው ወደ ላይ እያዩ ያወጡት ስም ነው የሚልም አለ። እኔ ሳቅሁ። ማኪናዬ ቆማለች፣ ሱሪው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ ጎረቤቴ አሻግሮ ያየናል። «ምን ያስቃችኋል?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ያቺን ከሰዓት በኋላ ማንም እንዳይወስድብኝ እፈልጋለሁ።

የመጨረሻው ቪዲዮ ላይ የሰፊዎቹ ክፍል ታየ። አሮጊቶች ጉርዱን ገልብጠው በእጅ ይሰፋሉ። ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ዐይኔ አስጠጋሁት። ብዙ ድርብ ነው፤ ከታች ያለው አጭር፣ ከላዩ ያለው ትንሽ ረዘም፣ እንዲያ እንዲያ እያለ የላይኛው ከሁሉም ይረዝማል። አጭሩ ረጅሙን ይሸከመዋል። መሃል ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ ክብ ሆኖ ይገባል። ከዚያ ድርብ ከድርብ በላላ ክር፣ እዚህም እዚያም፣ ይያያዛል። ጠበቅ ካለ ይጨማደዳል፤ ከላላ ግን ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«ይኸማ የታቦት ጥላ ነው» አልኩ።

ልጅ ሳለሁ መጀመሪያ መርፌ የያዝኩት ለጥምቀት የሚወጣውን ጥላ ከሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ከፋዩ ከባድ ነው፤ ከውስጥ ካልተያዘ ይወርዳል። ክሩን በጧፍ ሰም አሽተን፣ ላላ አድርገን ከጥላው አጥንት፣ ከሽቦው ጋር እንይዘው ነበር። ልጅቱ ዐይኔን አየችው። «ገባህ አይደል?» አለችኝ። ገብቶኝ ነበር።

ጎረቤቴ ግን አልገባውም። ይህን ስነግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቱም ያሳፍረኛል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ልጆቹ ለወላጆች የሚያሳዩት ትርኢት ሲቃረብ፣ ድርቦቹን ሁሉ በአንድ ልክ ቆርጦ ወገቡ ላይ ሸበሸበው። በጣም ሸጋ ሽብሽብ ነው፣ ግን ወረደ። እናቶቻችን ዳንቴል እንደሚያደርቁት በስኳር ውኃ ነከረው። ሲደርቅ እውነትም ቆመ፤ እንደ ጣውላ ቆመ። በረንዳው ላይ ሰቅሎት «አያ ቱታ፣ ና እይ!» አለኝ። ሳልሄድ ከሩቅ አየሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ንቦች መጡ። ከየት እንደሰሙ እንጃ፤ ሎተሪ ሻጩ ሸሸ፣ ደንበኛ ሸሸ። ጎረቤቴ በመለኪያ ሜትሩ እያራገበ፣ «ወግዱ! እናንተ ደግሞ ከየት ናችሁ!» ይላል። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ውኃ ረጭቶ ሲያባርራቸው ጉርዱ ረጠበና እንደገና ተንጠለጠለ።

ሐሙስ ልጅቱ ልትለካው መጣች። መስታወቱ ፊት ቆመች። ወገቡ ልክ ነው፣ ደረቱ ልክ ነው፤ ጉርዱ ግን እንደ ረጠበ የዶሮ ክንፍ ጭኗ ላይ ተለጥፏል። ትርኢቱ ቅዳሜ ነው። ጎረቤቴ ተንበርክኮ ጫፉን እየጎተተ «ይቆማል፣ ይቆማል» ይላታል። እሷ በመስታወቱ ውስጥ እኔን ታያለች። እኔ መርፌዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ቀሚሱን አውልቃ መጣችና ዱካዋ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንተ እኮ ታውቃለህ። አብረን አይተነዋል።»

«እሱ ቀሚስ ያውቃል አይደል የተባለው? ይወቀዋ።»

«ምነው እንደዚህ ትላለህ?»

መርፌዬ ላይ ክር አስገባሁ። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «የምደንሰው ግን እኔ ነኝ» አለችኝ።

ያን ሌሊት ይህን ቃል ይዤው አደርኩ። ይኸን ሁሉ ዓመት ከሱ ጋር ስለካካ፣ ቀሚሱን የምትለብሰውን ረስቻት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጎረቤቴ እንፍራንዝ ለቅሶ ነበረበት። እንደ ልማዳችን የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ለእኔ ትቶ ሄደ። ለብዙ ዓመት ሲተውልኝ አንድ ቀን እጄን ሰድጄ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጉርዱን ከማንጠልጠያው አወረድኩት።

መጀመሪያ ስኳሩ እንዲለቅ አጠብኩት፤ ፀሐይ ላይ ወዲያው ደረቀ። ከዚያ ልከፋፍተው ገለበጥኩት። ባልገለበጥኩት ይሻለኝ ነበር። የውስጡ ስፌት፣ ማንም ሰው የማያየው ስፌት፣ ከውጪው ይበልጥ ያምራል። አንድ የተንጠለጠለ ክር የለም። ወገቡ የልጅ ቆዳ እንዳይፈትግ በስስ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ለዚህ ማንም አላዘዘውም። እንግዲህ ቂም ይዤ የተቀመጥኩበትን ሰው ሥራ በእጄ ይዤ፣ ስህተት ፈልጌ፣ ያገኘሁት ይኸንን ነው። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ቀንቼ አላውቅም።

ሽብሽቡን አልነካሁትም። ድርቦቹን ከታች ጀምሬ አሳጠርኳቸው፤ ማሳጠርማ የኔ ሙያ ነው። ከአሮጌ ጃንጥላ ቀጭን ሽቦ ነቅዬ ክብ አድርጌ አስገባሁ። ክሩን በሰም አሽቼ፣ ላላ ላላ እያደረግሁ ያዝኩት። አራግፌ ስይዘው ጉርዱ ቆመ። ቆሞም ተንቀጠቀጠ። መልሼ ሰቀልኩትና የካኪ ሱሪዬን አነሳሁ።

ጎረቤቴ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። አየው። አወረደው፣ ገለበጠው፣ ጣቱን በድርቦቹ መሃል አሳለፈ። እኔ ማኪናዬን አስጮህኳት።

«ሰም ይሸታል» አለ። መልሶ ሰቀለው።

ቅዳሜ አዳራሹ በወላጅ ሞልቷል። ስምንት ልጆች ወጡ። የሌሎቹን ልንገራችሁ ብል እዋሻለሁ፤ ያየሁት አንዷን ነው። ስትዞር ጉርዱ ትንሽ ዘግይቶ ይዞራል፤ ስትቆም እሱ ገና ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ ስትዘል እግሯ ሙሉ በሙሉ ታየ፤ ያኔ ያቺ ቀሚሷን ያስቆረጠች ሴት ለምን እንዳስቆረጠችው ገባኝ።

ሲያልቅ ልጄ እየሮጠች መጥታ የጎረቤቴን እጅ ያዘች።

«እጅዎ ይባረክ አያ! ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት! አስተማሪዋ እንኳ ማን ሠራው እያለች ነው።»

ዐይኔን ወደ ጣሪያው አነሳሁ። መቼም ለምጄዋለሁ። ጎረቤቴ ግን እጇን ለቀቀና ድምፁን ከፍ አደረገ፤ አጠገባችን ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

«እኔ ወገቡን ነው የሰፋሁት። ያቆመው አባትሽ ነው። እኔማ ንብ ነው የጠራሁበት።»

ሰዉ ሳቀ። ልጄ አቀፈችኝ። አስተማሪዋ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ከኋላዬ አንዲት እናት ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ። «አየሻቸው? የራሳቸውን ምስጋና ለሰው ሲሰጡ? እንዴት ያሉ ሸጋ ሰው ናቸው!» ምስጋናውን ሰጠኝ፤ ስለሰጠኝም ተመሰገነ። ከዚህ ሰው ጋር ምን ይደረጋል?

ስንወጣ ከደጋው በኩል ንፋስ ይነፍሳል። ቱቱ አይታጠፍም፣ ቦርሳም አይገባም። ጎረቤቴ በሁለት እጁ እንደ ትሪ ዘርግቶ ይዞት ከፊት ይሄዳል፤ አላፊ አግዳሚው ይመለከተዋል። ልጅቱ በስስ ካልሲና በካናቴራ ብቻ ትንቀጠቀጣለች።

«አባባ፣ በረደኝ።»

እኔ ከቦርሳዬ ቱታውን አወጣሁ። ለምን ይዤው እንደወጣሁ ራሴም አላውቅም። ያን ቅዳሜ ካለቀሰችበት ወዲህ አጣጥፌ ማኪናዬ ሥር አስቀምጬው ነበር። ተቀብላ ለበሰችው፤ ዚፑን እስከ አገጯ ሳበችው። ጥቂት እንደተራመደች ቆመች።

«ኪስ አለው!» አለች። ሁለቱንም እጆቿን ከተተች። «የውስጥም አለው!»

ፈጠን ብዬ ጎረቤቴ አጠገብ ደረስኩ።

«ስማ እንጂ» አልኩት፤ «ቱቱ ኪስ የለውም አይደል?»

በእጁ የዘረጋውን ጉርድ ቁልቁል አየና፣ «የለውም» አለ። «ምነው?»

«ምንም» አልኩት። «ጠየቅሁ እንጂ።»